ከመንገዱ በፊት ውሃው

ባለፈው ማክሰኞ ንድፌን ጠቅልዬ ወደ ቦዬ ረግረግ ወጣሁ። ከጅማ ዳር ሰፊ ቅይጥ ሠፈር ነው የታሰበው። ፎቅ ቤቶች፣ ከሥራቸው ሱቆች፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የባጃጅ ማቆሚያ። ቢሮ ቁጭ ብዬ የሣልኩት ነው። መንገዶቹ ቀጥ ቀጥ ያሉ፣ ሲያዩዋቸው ደስ የሚሉ።

እዚያ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አንድ ባሕር ዛፍ ጋ ወሰዱኝና ግንዱን በዱላቸው ነካ አደረጉ።

«ክረምት ውሃው እዚህ ድረስ ይመጣል፣ ልጄ።»

ጉልበቴ ድረስ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ የደረቀ ጭቃ ግንዱን እንደ መቀነት ዞሮታል። ንድፉን ዘርግቼ ሳመሳክር ዛፉ የቆመው እኔ ትምህርት ቤት ባልኩት ቦታ ላይ ነው። ደነገጥኩ። የመጀመሪያ ክፍል ሕፃናት ናቸው የሚቀመጡበት።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ረግረጉ ያንን ውሃ ይይዛል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይለቀዋል። አፈር ሞልተን ብንሠራበት ውሃው የትም አይጠፋም፤ ዝቅ ብሎ የተሠራ ቤት ፈልጎ ይገባል።

ያን ማታ መንገዶቹን በሙሉ አጠፋሁ። በኛ በከተማ ፕላን ሙያ የሚታወቅ የመሬት ድርሻ አለ፦ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ብዙ ጊዜ አረንጓዴው ከግንባታ የተረፈ ቁርጥራጭ ይሆናል። አሁን መጀመሪያ የቀባሁት እሱን ነው፤ ረግረጉንና ዳርቻውን። ትምህርት ቤቱ ወደ ዳገቱ ወጣ። ቡናውን የሚያጠሉት ዋንዛዎች እንዳይቆረጡ ዋናውን መንገድ አጣመምኩት።

ቅይጥ የሚለው ቃል ደግሞ ለጅማ ሰው እንግዳ አይደለም። ሂርማታ በአባ ጅፋር ዘመን የታወቀ ገበያ ነበር፤ ከተማውም ያደገው ቤተ መንግሥቱ ካለበት ከጅሬን በታች ገበያውን ተከትሎ ነው። ዛሬም ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከኋላው ጓዳ፣ ደጃፉ ላይ ሽንኩርት የዘረጋች ሴት ታገኛላችሁ። ፎቁ ሥር ውድ ሱቅ ብቻ ከደረደርን እሷ የት ትቀመጥ? ስለዚህ ለጉሊት ጣሪያና የቧንቧ ውሃ ያለው ቦታ አስገብቻለሁ። ማንም ቢለምነኝ አላወጣውም።

የከበደኝ ሌላው ነው። ሽማግሌው «ቡናዬስ?» አሉኝ። አዋጅ 1161/2011 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ አርሶ አደር፣ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛውን የዓመት ገቢ ወስዶ 15 እጥፍ ይከፈለው ይላል። ይህንኑ ነገርኳቸው። ቆይተው፣

«ገንዘቡ ሲያልቅስ?»

የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጃል። እሳቸው ደግሞ ወጣት አይደሉም። የምመልሰው አጣሁ። ቢሮ ስመለስ ከንድፉ ጋር በሚቀርበው ሐተታ ላይ መጀመሪያ የሚያልቁት ሱቆች ለተነሺዎቹ ይሰጡ ብዬ ጻፍኩ፤ በእጣ ሳይሆን በስማቸው።

ዓርብ እመለሳለሁ። አዲሱን ንድፍ ይዤ፣ ከሳቸው ጋር፣ የውሃውን መስመር በችካል ልናመለክት ነው።