ውሻው፣ ድመቷ፣ ክራሩና እኛ

ከሠርጋችን በፊት ያልተነጋገርንበት ነገር የለም ብዬ አስብ ነበር። አዳራሹ፣ የሚዜ ልብስ፣ መልሱ የት እንደሚሆን፣ እቁቡን ማን እንደሚጥል፣ ሁሉም ተነስቷል። ውሻው የት እንደሚያድር ግን ማንም አላነሳም።

እኔ ከእናቴ ቤት ድመቴን ሽሮንና ባልዲ ሙሉ አትክልቶቼን ይዤ መጣሁ። ባለቤቴ ነብሮ የሚባል ውሻና አንድ ክራር አለው። ነብሮ የፈረንጅ ዘር ምናምን የለበትም፣ የሰፈር ውሻ ነው። ሽሮ ስሟን ያገኘችው በመልኳ ነው እንጂ ሽሮ አትቀምስም። የተከራየነው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። አሁን ሁላችንም ተስማምተን እየኖርን ስለሆነ፣ ሊያገቡ ያሰቡ ጓደኞቻችን እንዴት እንደቻልነው ይጠይቁናል።

መጀመሪያ ያደረግነው አከራያችንን ፊት ለፊት ማናገር ነው። ብዙ ሰው ውሻውን በማታ ያስገባና በኋላ ጭቅጭቅ ይጀመራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ሁለት ዓመት ለምትኖሩበት ቤት ስለ ውሻው አንድ መስመር ማስገባት ምን ይከብዳል? አከራያችን ሁለት ነገር ጠየቁ። ውሻው ማታ በረንዳ ላይ እንዳያድር፣ የተቧጨረ በር ካለ ደግሞ እኛው እንድናሠራ። ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ አለቀ።

ከባዱ ሁለቱን ማስተዋወቅ ነበር። ሰው "ዝም ብላችሁ አንድ ላይ ልቀቋቸው፣ ራሳቸው ይላመዳሉ" ይላል። አይላመዱም። ወይ ድመቷ የውሻውን አፍንጫ ትቧጭራለች፣ ወይ ውሻው ያባርራታል፣ ከዚያ በኋላ ፍርሃቱን ማስለቀቅ ወር ይፈጃል። እኛ ሽሮን ከነምግቧ፣ ከነውሃዋና ከነመጸዳጃ አሸዋዋ መኝታ ቤት ዘጋንባት። ነብሮ ሳሎን ሆነ። አንድ አሮጌ ጋቢ ለሁለት ቀደድንና ግማሹ ላይ እሷ፣ ግማሹ ላይ እሱ ተኛ። ከዚያ ጨርቁን አለዋወጥነው። እንስሳ መጀመሪያ የሚተዋወቀው በአፍንጫው ነው። ሽታው አዲስ መሆኑ ሲቀር፣ በተዘጋው በር ግራና ቀኝ ምግባቸውን ማቅረብ ጀመርን። ነብሮ በሩን ማሽተቱን ትቶ ሳህኑ ላይ ሲያተኩር በሩን ገርበብ አደረግነው፣ እሱ ግን በማሰሪያው እንደታሰረ ነው።

ከዚህ ሁሉ የጠቀመን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ውሻው ድመቷን አይቶ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ትንሽ ሥጋ መስጠት። አፍጥጦ ሲያያት መቆጣት አይሠራም። ዞር ማለቱ እንደሚያስበላው ሲገባው ራሱ ዞር ይላል። ሁለተኛው ለድመቷ ከፍታ መስጠት ነው። ድመት የምትሸሽበት ከፍ ያለ ቦታ ካላት አትጣላም። እኛ ቤት ከፍ ያለው ቦታ የቁም ሳጥኑ አናት ብቻ ነበር፣ እዚያ ላይ ደግሞ ለሠርግ የተሰጠን ብርጭቆ ከነካርቶኑ ተደርድሯል። ብርጭቆው ወርዶ አልጋ ሥር ገባ። አማቴ መጥተው "ያ ያማረ ብርጭቆ የት ገባ?" ሲሉ ባለቤቴ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ቁም ሳጥኑ አየን። ሽሮ ከላይ ሆና እሳቸውን ታያለች።

ሁለቱንም አስመክነናል። በዚህ ነገር ከዘመድ ብዙ ሰማን፣ "ነውር ነው" ያለም አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አምስት የድመት ግልገል ለማን ልታድሉ ነው? ከዚያ በላይ አልከራከርም።

ወደ ምግብ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ውሻ የሚበላው ትርፍራፊ ነው። ትርፍራፊያችን ደግሞ ወጥ ነው፣ ወጣችን ደግሞ ሽንኩርት። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል። ድመት ላይ ይበልጥ ይብሳል። ቢበስልም፣ ቢደርቅም፣ ተፈጭቶ ቅመም ውስጥ ቢገባም ያው ነው። ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ለነብሮ አይሰጥም። እንግዳ ሲመጣ ይህን ማስረዳት አለ። "እኛ ቤት የነበረው ውሻ ዕድሜ ልኩን ወጥ በልቶ አሥር ዓመት ኖሯል" የሚል አጎት በየቤቱ አይጠፋም። እሺ እንላለን፣ ሳህኑን ግን እናነሳለን። የተቀቀለ አጥንትም ስለሚሰነጠቅና አንጀት ስለሚወጋ አንሰጥም።

ነብሮ የሚበላው ሩዝ፣ ካሮትና የተቀቀለ ሳንባ ነው፤ አንዳንዴ እንቁላል ይጨመርለታል። "የተቀቀለ" የምትለዋን አስምሩባት። በየበዓሉ በግ ሲታረድ ሳንባውንና ጉበቱን ጥሬውን ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል አይደል? እሱ የውሻ የኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከዚያ በእጅ፣ በውሃና ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ይመጣል። ሰው ላይም ያንኑ ከረጢት ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ ጉበት ላይ። በደንብ መቀቀል ይህን ሁሉ ያስቀራል። የትል መድኃኒቱን ደግሞ ሐኪሙ ባለው ጊዜ እንሰጣለን።

ድመት ሌላ ጉዳይ ናት። ውሻ ሥጋ ለጊዜው ቢጠፋ ሩዝና እንቁላል በልቶ ይከርማል። ድመት ግን ሥጋ በል ሆና ነው የተፈጠረችው። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን መሥራት ስለማይችል ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት። ለረጅም ጊዜ ካጣች ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይደክማል። ሁዳዴ የሚጾም ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። 55 ቀን! ሰፈራችን ያሉት ሉካንዳ ቤቶች አብዛኞቹ ይዘጋሉ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል፣ የእኛዋ ደግሞ ከነጭራሹ አልመነኮሰችም።

እንዲህ አደረግን። ለቅበላ ሳምንት ሥጋውን፣ ሳንባውንና ዶሮውን ገዝተን፣ ቀቅለን፣ በትንንሽ ፌስታል ከፋፍለን ፍሪዘር ውስጥ ከተትን። ፍሪዘሩን እስከ አፉ መሙላት ግን ሞኝነት ነው። መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ግማሹን በፍሪዘር፣ የቀረውን በደረቅ የድመት ምግብ ያዝን። ከውጭ ስለሚመጣ ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። ሲገኝ በዛ አድርገን እንገዛለን። የሙስሊም ሉካንዳዎች ስለማይዘጉ የጎደለውን እዚያ እንሞላለን።

ለእንስሳቱ የራሳቸው ድስት፣ ቢላና ስፖንጅ አላቸው። ድስቱ ቀይ ነው፣ ከቤቱ ዕቃ ጋር እንዳይምታታ። አማቴ አንድ ዓርብ መጥተው የሥጋ ሽታ ሲያውዳቸው በሩ ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ በሁዳዴ ሥጋ?"

"እማዬ፣ ለድመቷ እኮ ነው። እሷ የንስሐ አባት የላትም" አላቸው ባለቤቴ።

ሳቁ። እንደዚያም ሆኖ ቡና ብቻ ጠጥተው ሄዱ። አልፈርድባቸውም። ከዚያ ወዲህ የእንስሳቱን ሥጋ የምንቀቅለው እንግዳ በማይመጣበት ሰዓት ነው፣ መስኮት ተከፍቶ። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡም ነብሮን ቀድመን ታች እናወርደዋለን። እኛ ውሻው ከነገላው ከነእግሩ ንጹሕ መሆኑን እናውቃለን፣ የሰው ስሜት ግን በክርክር አይቀየርም። ሃያ ደቂቃ ደጅ መቆየት ነብሮን አይጎዳውም።

ጎረቤት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁለት ነገር ብቻ። ደረጃው ላይ ውሻው ሁልጊዜ ይታሰራል፣ ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን። በዓል ሲደርስ ደግሞ ደረጃው ላይ ዶሮ በእግሩ ታስሮ ይቀመጣል፣ ኮሚናሉ ጋ በግ ይውላል፣ ያኔ ማሰሪያውን አሳጥራችሁ ያዙ። ሁለተኛው ክትባት ነው። ነብሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ ይወስዳል፣ ካርዱን የሕንፃው ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ይዘን ሄደን አሳይተናል። "ልጆቻችንን ቢነክስስ?" የሚለው ወሬ የቀዘቀዘው በካርዱ ነው እንጂ በእኛ ምላስ አይደለም። በዚያው ስብሰባ አንድ ነገር ተናገርን፣ እዚህም ልድገመው። ማንም ሰው በማንኛውም ውሻ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፣ ሳይውል ሳያድርም ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምር። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ጠበሉም ይቀጥል፣ ክትባቱ ግን አይቅር።

አሁን ወደ ክራሩ። ባለቤቴ ክራር እየተማረ ነው። ትዝታን ጨርሷል፣ ባቲን ደህና ይዟል፣ አንቺሆዬ ላይ ተቸንክሯል። ለእኔ ችግሩ ጨዋታው ሳይሆን ቅኝቱ ነው። ስድስት ክር አንድ በአንድ እየወጠረ፣ እያላላ፣ ደግሞ እየወጠረ። ቀጭኗ ክር ስትነካ ነብሮ አንገቱን ቀና አድርጎ አብሮ ያላዝናል። ከላይኛው ፎቅ መሬቱን በመጥረጊያ ይመቱልናል።

መፍትሔው ሰዓት መከፋፈል ሆነ። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤቴ ክራሩን ሲያነሳ እኔ ነብሮን ይዤ እወጣለሁ። እሱ ያለ አጃቢ ይለማመዳል፣ ውሻው ይንሸራሸራል፣ እኔ ደግሞ ያን ክር ከመስማት እተርፋለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተራው የእሱ ነው፣ እሱ ውሻውን ሲያወጣ እኔ አትክልቶቼን አጠጣለሁ። ጠዋት የባዘኑ ውሾች ተሰብስበው ስለሚገኙ በቆሻሻ ገንዳው በኩል አይሄድም። ዱላ ይይዛል፣ ከመጡበት አይሮጥም፣ ቀስ ብሎ ያልፋል።

ብዙ ሰው ለአዲስ ተጋቢዎች "ሁሉን ነገር አብራችሁ አድርጉ" ብሎ ይመክራል። እኔ አልስማማም። ባለቤቴ ሁለት ቅዳሜ ጎመን አብሮኝ ኮትኩቶ አየነው፣ እኔም ክራር ይዤ ጣቴ ቆሰለ። አሁን እሱ ለጎመኔ ግድ የለውም፣ ሲበላው ብቻ ያደንቀዋል። ይበቃኛል።

በረንዳው ላይ በቀለም ባልዲ ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶ ብላ፣ የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም አለኝ። ሽሮ አፈሩን ሽንት ቤት አድርጋው ነበር። ኮምጣጤም ሎሚም ሞከርኩ፣ አልሠራም። የሠራው ጠጠር ነው፤ በግንዱ ዙሪያ የአፈሩን ፊት በጠጠር መሸፈን። ድመት መቆፈር ካልቻለች ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። ያኔ የራሷ አሸዋ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃት፣ በየቀኑ ይነሳ። እሬቴን ግን ለእናቴ መለስኩት፣ ለድመትም ለውሻም መርዝ ነው። ሊሊ አበባም እኛ ቤት አይገባም፣ በእቅፍ አበባ ውስጥ እንኳ ቢሆን። ቅጠሉን ብታኝክ ወይም ብናኙን ከፀጉሯ ላይ ብትልሰው የድመትን ኩላሊት ያቆማል። አበባ ይዞ የሚመጣ ካለ ጽጌረዳ ይሁን።

ገንዘቡ ቀላል ነበር። ምግብና ሕክምና ከጋራው ይወጣል። ክርም ዘርም ሲገዛ ሁሉም ከኪሱ ነው። የታመመ እንስሳ ፊት "የአንተ ውሻ ነው፣ የአንቺ ድመት ናት" መባባል ያስጠላል።

ዘንድሮ ለጥምቀት ጎንደር ዘመድ ልንጠይቅ ሄድን። ሽሮን ከቤቷ አላስወጣናትም፣ ድመት ሰፈር መቀየር አትወድም። ነብሮን ፊት ለፊት ያሉት እትዬ ያዙልን። ከመሄዳችን በፊት ወረቀት ላይ ጻፍንላቸው። ስንት ጊዜ እንደሚበላ፣ የትኛው ፌስታል የማን እንደሆነ፣ ሽንኩርት እንዳይነካው፣ ርችት ሲተኮስ ሬዲዮ እንዲከፈትለት፣ የሐኪሙ ስልክ፣ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ። ወረቀቱ ከኋላም ተጻፈበት። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና አጣጠፉት።

"ሠላሳ ዓመት በትዳር ስኖር ለባሌ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም" አሉ።