«አይዞህ» ብለውኝ ሄዱ

ማንም አልነካኝም። ኳሷን ተቀብዬ ወደ ግራ ልዞር ስል እግሬ መሬት ላይ ተተክሎ ቀረ፣ ሰውነቴ ግን ዞረ፣ ጉልበቴ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጠገቤ የነበረው ተከላካይም ሰምቶታል። እጁን አንስቶ ወጌሻ የጠራው እሱ ነው።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን የአንድ የቀድሞ የቡድን ጓደኛዬ ታናሽ ወንድም ያው የእኔው ጉዳት ደርሶበት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የገባው ሁሉ «አይዞህ፣ አንተ ጠንካራ ልጅ ነህ» ይለዋል፣ እሱም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» እያለ ይመልሳል። ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ነበር። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የተበጠሰው ጅማት ኤሲኤል የሚሉት ነው። ጉልበት መሀል የተጠላለፈ ጅማት ነው፤ ስንዞርና ስንቆም ከጉልበት በታች ያለው የእግራችን አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ወደ ሜዳ ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ 9 ወር ይፈጃል፣ ዓመት የሚፈጅበትም አለ። እኔ ገና ከሆስፒታል ስወጣ የእግሬ ፕሮግራም በወረቀት ተጽፎ ተሰጠኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠቱን ማጥፋት፣ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት፣ ከዚያ ክራንች መተው፣ ከዚያ ብስክሌት፣ ከወራት በኋላ ቀጥታ መሮጥ። እግሬ በየሳምንቱ ምን እንደሚጠበቅበት ያውቅ ነበር። ለእኔ ለራሴ የተጻፈ ነገር ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው ወር ደህና ነበር ማለት ይቻላል። ሰው ይመጣል፣ ስልክ ይደወላል፣ እማዬ የቅልጥም ሾርባ ትሠራለች፣ ጎረቤቶች «ሰው ዓይን ነው» እያሉ ጠበል እንድሄድ ይመክሩኛል። ሄጃለሁም። ጠዋት ጠዋት ሰው መሀል መቀመጡ በራሱ ያሳርፍ ነበር፣ እሱን አልክድም።

የከበደኝ ሦስተኛው ወር ነው። ያኔ ጠያቂው ሁሉ ሄዷል። ቡድኑ ውድድር ላይ ነው። ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር የቡድናችን የቴሌግራም ግሩፕ ይንጫጫል፤ ስለ አሰላለፍ፣ ስለ አውቶብሱ፣ ማን ማልያውን እንደረሳ። እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ አነባለሁ። አንድ ቀን በእኔ ቦታ የገባው ልጅ ጎል አገባ፣ ግሩፑ በእሳት ምልክት ተጥለቀለቀ፣ እኔም እንደ ሰው «አንበሳ!» ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያ ስልኩን አጥፍቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ልጁን እወደው ነበር። ቢሆንም ጎል በማግባቱ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ከበደኝ፣ እንዲህ ስለተሰማኝ ደግሞ ራሴን ጠላሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ዓይኔ ፈጦ ያድር ነበር። ታኬታዬን በፌስታል ጠቅልዬ ሳላየው አልጋ ሥር ገፋሁት። ምግብ አልፈልግም፤ እማዬ ስትጠይቀኝ «በልቻለሁ» እላለሁ። በዚያው ሰሞን ክለቡ ደመወዜን አዘገየ፣ ቀጥሎም ውሉ እንደማይታደስ በሰው በሰው ሰማሁ። አንድ ኃላፊ እንኳ ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም።

ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ይነገራል? ለአሠልጣኝ ብነግር «ልጁ ልቡ ሞቷል» ብሎ ስሜን ይሰርዛል። ለእማዬ ብነግር ታለቅሳለች። ለጓደኞቼ ብነግር መልሱ የታወቀ ነው፤ «አይዞህ»። የእኛ «አይዞህ» ትልቅ ቃል ነው፣ ከልብ ሲባል ያቆማል። ግን ብዙ ጊዜ ወሬውን የምንዘጋበት በር ሆኗል። «አይዞህ» ከተባልክ በኋላ «ኧረ አልቻልኩም» ማለት የጋባዥን ጉርሻ እንደ መመለስ ነው፣ ስለዚህ «እሺ» ብለህ ትቀራለህ።

ከዚህ ያወጡኝ አንድ ወጌሻ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው ነበሩ፣ ጋሼ ነበር የምላቸው። በየሳምንቱ በልብስ ሰፊ ሜትር ጭኔን ይለካሉ፤ ከጉዳት በኋላ የጭን ሥጋ ስለሚከሳ የታመመው ከደህናው ጋር መቼ እንደሚተካከል ማወቅ ያስፈልጋል። ቁጥሩን በካሬ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። አንድ ቀን ጽፈው ሲጨርሱ ደብተሩን አልዘጉትም። እስክሪብቶውን እንደያዙ «ስንት ሰዓት ተኛህ ትናንት?» አሉኝ። «ደህና ተኝቻለሁ» አልኩ። «ደህና አላልኩህም፣ ስንት ሰዓት ነው ያልኩህ።» ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም ብለው ጠበቁኝ። መጨረሻ ላይ «ሁለት» አልኳቸው። ከጭኔ ቁጥር አጠገብ «2» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ጭንና እንቅልፍ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁጥሩ አልሻሻል ሲል ራሳቸው ስልክ ደውለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ቀጠሮ አስያዙልኝ፣ በታክሲ አብረውኝ ሄደው በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «ጉልበትህን ሐኪም ሲያየው አላፈርክም፣ አሁን ምን ያሳፍርሃል?» ነው ያሉኝ።

ብዙዎቻችን የአእምሮ ሕክምና ሲባል ቶሎ የሚመጣብን «አማኑኤል ገባ» የሚለው የሰፈር ሐሜት ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። የገጠመኝ ግን ሁለት ወንበር ያለበት ክፍልና የምትጠይቀኝ አንዲት ሴት ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ ጎል የተሰማኝን ተናገርኩ። አልደነገጠችም። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ተራ ይመስላል፤ የእንቅልፍ ሰዓት ማስተካከል፣ ከቤት መውጣት፣ ጉልበቴ ድጋሚ ሲበጠስ በዓይነ ኅሊናዬ በታየኝ ቁጥር ምን እንደማደርግ መለማመድ። ሰውን ወደ ሕይወቱ የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ተራ ነገር ነው።

ያኔ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። በፈረንጆቹ 2018 የዓለም ዋንጫ ዋዜማ የቶተንሃሙ ዳኒ ሮዝ ለጋዜጠኞች የተናገረውን ሳነብ ነው ዕንባዬ የመጣው። በፈረንጆቹ ጥር 2017 ጉልበቱን ተጎዳ፣ ለወራት ከሜዳ ራቀ፣ የድብርቱ መነሻ ያ ጉዳት እንደነበረ ተናገረ። በመሀል አጎቱ ራሱን አጠፋ። መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ከወኪሉ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የክለቡ ሐኪም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ልኮት ያም በጣም እንደረዳው ተናግሯል። ከዚያ ሩሲያ ሄዶ ለእንግሊዝ ተጫወተ። በፕሪምየር ሊግ የሚጫወት፣ ሁሉ ነገር የተሟላለት ሰው እንዲህ ከሆነ በወር ደመወዝ የሚኖረው የእኛ ልጅ ምን ይሆናል ብላችሁ አስቡት።

በሌላ በኩል ሳንቲ ካዞርላን አስታውሱ። የአርሰናል ደጋፊ የማያውቀው የለም። ቁስሉ አመርቅዞ ባክቴሪያው የአኪሊስ ጅማቱን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል በላበት፣ የልጁ ስም የተነቀሰበት የክንዱ ቆዳ ተነስቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተለጠፈ፣ ከ600 ቀን በላይ ቆይቶ ከቪያሪያል ጋር ተመለሰ። ያን የቁስል ፎቶ ሁላችንም ተቀባብለነዋል። በእነዚያ ቀናት ሌሊቱን እንዴት ያድር ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው በእኛ ሰፈር አልገጠመኝም። የራሳችንን ቀነኒሳንም ብትወስዱ እንዲሁ ነው። በባቱ ጉዳት የፈረንጆቹን 2010 ሙሉ ቀርቶ፣ በ2011 ዴጉ ላይ 10 ሺህ ሜትሩን አቋርጦ ሲወጣ «አበቃለት» ያልነው እኛው ነን። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ብራስልስ ላይ 26:43 ሮጠ። ሰዓቱን በቃላችን እናውቃለን፤ ስለሰውየው ግን ብዙም አንጠያይቅም።

የዓለም እግር ኳስ ተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ በፈረንጆቹ 2015 ባወጣው ጥናት በመጫወት ላይ ካሉት ውስጥ 38 በመቶው የድብርት ወይም የጭንቀት ምልክት እንዳለባቸው ገልጸዋል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ደግሞ ከሌሎቹ ከ2 እስከ 4 እጥፍ በሚጠጋ መጠን ለአእምሮ ጤና ችግር የተጋለጡ ነበሩ። ስለዚህ ጉዳት ሲደርስ ይህም ሊከተል እንደሚችል አስቀድሞ መጠበቅ አለብን፣ ልክ ጉልበቱ እንደሚያብጥ እንደምንጠብቀው።

ክለቦቻችን ገንዘብ የለንም ይላሉ። እሺ። ከኤሲኤል በኋላ ተጫዋቹ በልቡ ለመመለስ ዝግጁ መሆኑን የሚለካ 12 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ በጉልበትህ ምን ያህል ትተማመናለህ፣ ድጋሚ እጎዳለሁ ብለህ ትፈራለህ ወይ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው። ጉልበታቸው ድኖ በፍርሃት ብቻ ሳይመለሱ የቀሩ ልጆች አውቃለሁ፣ «ሰነፈ» ተብለው ነው የተሸኙት። የተጎዳውን ልጅ ልምምድ ሜዳ መጥራት ነፃ ነው። ከቡድኑ ጋር ምሳ ማብላት፣ ኮን እንዲደረድር ወይም የታዳጊዎቹን ልምምድ እንዲያይ ማድረግ ነፃ ነው። ስለ ውሉ እውነቱን ቁጭ አድርጎ መንገርም ነፃ ነው፤ ክፉ ዜና እንኳ ቢሆን በሹክሹክታ ከመስማት ይሻላል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ስለ ልቡ የሚጠይቀው ሰው አሰላለፍ የሚያወጣው ሰው መሆን የለበትም። ተጫዋች ለሚመርጠው ሰው ድካሙን አይናገርም፣ እኔም አልተናገርኩም።

እናንተም ቤታችሁ የተጎዳ ስፖርተኛ ካለ በሦስተኛው ወር ደውሉ። ስለ ጉልበቱ ብቻ አትጠይቁት። መኖሩ ምንም እንደማይጠቅም መናገር ከጀመረ ግን ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት።

እኔ ተመልሼ አንድ ዓመት ተኩል ተጫወትኩ። የጋሼ ደብተር የመጨረሻ ገጽ አሁን እኔ ጋ ነው፤ ሲሰነባበቱ ቀደው ሰጡኝ። ጭን 54፣ እንቅልፍ 7 ይላል።

ትናንት ልጁ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ሰው አልነበረም። ክራንቹን ከወንበሩ ላይ አንስቼ ተቀመጥኩና ስንት ሰዓት እንደተኛ ጠየቅኩት። «ደህና ነኝ» አለኝ። ዝም ብዬ ጠበቅኩት።