ማላዊ ሄዳችሁ ማገልገል ለምትፈልጉ ነርሶች፦ መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ

ማላዊ ገጠር ውስጥ ባለ አንድ የሚስዮን ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ነርስነት ሠርቼ ተመልሻለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ባሕር ዳር ያሉ የሙያ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው። «ደመወዝ አለው?» እና «እንዴት ሄድሽ?»። የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ የለውም። መኝታና ምግብ ይሰጣሉ፣ ቲኬቱን ራሴ ቻልኩ። ሁለተኛውን ግን በስልክ ማስረዳት ሰለቸኝና እዚህ ልጻፈው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ሆስፒታሉን ያገኘሁት ቀደም ሲል እዚያ በሠራ ሐኪም በኩል ነው። ማመልከቻ ላክሁ፣ በስልክ አነጋገሩኝ፣ ተቀበሉኝ። የቢጫ ወባ ክትባት ወሰድኩ። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። በየ10 ዓመቱ ድገሙ የሚላችሁን ደግሞ አትስሙ፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዲግሪዬን አዲስ አበባ ወስጄ አረጋገጥኩ። ከቦሌ ወደ ማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ አየር መንገዳችን ይበራል። ይሄ ሁሉ ያሰለቻል እንጂ አይከብድም።

አሳሬን ያሳየኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው።

ማላዊ ውስጥ በነጻ ብታገለግሉም በሽተኛ ከመንካታችሁ በፊት የአገሩ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት ሊመዘግባችሁ ይገባል። ትክክል ነው፤ እኛም አገር ማንም መጥቶ መርፌ እንዲወጋ አንፈቅድም። የሚፈልጉት ዲግሪ፣ የሙያ ፈቃድና የሥራ ልምድ ነው። ሦስቱም ነበሩኝ።

የተመረቅሁት በ2006 ዓ.ም. ነው። ዲግሪዬ ላይ የተጻፈው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጁላይ 2014 ይላል። ሥራ የጀመርኩት ጥቅምት 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 11 ቀን 2014 ማለት ነው። የምሠራበት የመንግሥት ጤና ተቋም በእንግሊዝኛ የሰጠኝ ደብዳቤ ግን «ከኦክቶበር 1 ቀን 2007 ጀምሮ» ይላል። ወሩን ተርጉመው ዓመቱን እንዳለ ተዉት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚል አንዲት ቃል የለበትም።

እስቲ እንደ ማላዊ ሰው ሆናችሁ አንብቡት። ፓስፖርቴ በ1992 ተወለደች ይላል። ስለዚህ በ15 ዓመቴ ተቀጥሬ፣ ሰባት ዓመት ያለ ዲግሪ በሽተኛ ሳክም ኖሬ፣ ከዚያ ተመረቅሁ ማለት ነው። የሙያ ፈቃዴ ደግሞ እስከ 2018 ያገለግላል ይላል። እኔ ያመለከትኩት በእነሱ 2023 ላይ ነው። ፈቃዱ ካለፈበት አምስት ዓመት ሆኖታል! ከምክር ቤቱ የመጣልኝ መልስ ጨዋ ነበር፤ ማብራሪያ ስጪ ይላል። ጨዋ ቢሆንም የሚጠረጥሩት ምን እንደሆነ ይገባኛል።

ጊዜው 2016 ዓ.ም. ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ስላልነበረ አዲስ አበባ ያለች እህቴ ኢሜይሌን እየከፈተች በስልክ ታነብልኝ ነበር። ጥያቄውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። በነጋታው ደብዳቤውን ይዤ ሰው ኃይል ክፍል ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዓመቱ በኢትዮጵያ መሆኑ ይጻፍልኝ» አልኩ።

«ሲስተር፣ ፎርማቱ ይሄ ነው። ስንት ሰው በዚሁ ሄዷል» አሉኝ።

«እኔን አልተቀበሉኝም።»

«እንግዲህ የነሱ ችግር ነው።»

በእስክሪብቶ ይጨመርልኝ ብል ስርዝ ድልዝ አይቻልም። እንደገና ይታተምልኝ ብል አዲስ ማመልከቻ ጽፈሽ መዝገብ ቤት አስገቢ። አስገባሁ። ፈራሚው ስብሰባ ናቸው። ፈራሚው ሲገኙ ማኅተም ያዧ ፈቃድ ላይ ናት። ዲውቲ አድሬ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ከቢሮው በር ላይ የቆምኩበት ጠዋት ብዙ ነው። በዚያ ኮሪደር ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት አለው፤ መለማመጥም መቆጣትም ያማረው ፊት።

በመጨረሻ አዲሱ ደብዳቤ ወጣ። የተቀጠርኩበትን ዓመት ወደ 2014 ለውጠውታል። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ታች ሳይ፣ «እስከ 2016» ይላል። መነሻው በፈረንጅ፣ መድረሻው በአበሻ! ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ሰው ሁለት ዓመት ብቻ የሠራሁ ሆንኩ። ይሄንን ሳሳያቸው የተሰጠኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳውም። «መጀመሪያ አስተካክሉ ያልሽው የላይኛውን ነው።»

ይሄን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። ሰውየው ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ደብዳቤው ከበሩ ከወጣ በኋላ ሰው እንደሚያነበው የሚያስብ ቢሮ አለመኖሩ ነው የሚያናድደኝ። እኔ ካርድ ላይ የመድኃኒት መጠን አንድ ዜሮ ባዛባ ሰው ይሞታል። እዚያ ግን ሰባት ዓመት ሲዛባ «ፎርማት ነው» ይባላል።

የተፈታው እንዲህ ነው። ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩት። እያንዳንዱን ቀን ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩ፤ በኢትዮጵያ፣ ቀጥሎ በፈረንጅ። ግርጌው ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ 7፣ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ 8 ዓመት ወደኋላ እንደሚል ጨመርኩ። በፍላሽ ይዤ ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። «የተዘጋጀ ደብዳቤ አንቀበልም» የሚል ማስታወቂያ ከጀርባዋ ተለጥፏል። እሷ ግን አነበበችው፣ ከፋይሌ ጋር አመሳከረችው፣ በአርማው ወረቀት አትማ አስፈረመችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። ለሙያ ፈቃዱም እንዲሁ ቀኑን የሚያብራራ ደብዳቤ አጻፍኩ።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። «የቅበላ ደብዳቤ ሳይመጣ ሰነድ አታሰሩ» ይሏችኋል። ተዉት። መጀመሪያ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ራሳችሁ ጻፉ፣ በሁለቱም አቆጣጠር። ዲግሪውን፣ ፈቃዱን፣ ፓስፖርቱንና የሥራ ልምዱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና ስለ ኢትዮጵያ ምንም የማያውቅ ሰው ሆናችሁ አንብቡ። የስማችሁንም የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ አመሳክሩ። ማመልከቻው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የሚቆጨኝ ጊዜው ነው። ሆስፒታሉ የፈለገኝ ለኅዳር ነበር። የማላዊ ዝናብ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው፤ ወባውም አብሮት ይመጣል። እኔ የደረስኩት በየካቲት ነው። እስከዚያ ድረስ የሕፃናት ዋርዱን ሌሊት የምትይዘው አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች። ስደርስ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ነበር። «እንኳን መጣሽ» አለችኝ እንጂ ለምን ዘገየሽ አላለችኝም።

ስለ ሥራው አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ከፎገራና ከደንቢያ በወባ የሚመጡ ልጆችን ሳክም የኖርኩ ነኝ። እንደዚያ ያለ የደም ማነስ ግን አላየሁም። አያቱ ያዘለችው ልጅ መዳፉ እንደ ወረቀት ነጭቷል፣ ትንፋሹ ይጣደፋል። መብራት ጠፍቶ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ግንባሬ ላይ ባሰርኩት ባትሪ ቬይን (የደም ሥር) ፈለግሁ። ከቁርጭምጭሚቱ አጠገብ አገኘሁ፤ ካኑላው፣ መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ፣ በአንድ ጊዜ ገባ። ለከባድ ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔት 60 ሚሊግራም ዱቄት፣ 1 ሚሊ ሊትር ባይካርቦኔት፣ ጥርት እስኪል መነቅነቅ፣ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ሳላይን። ከ20 ኪሎ በታች ስለሆነ በኪሎ 3 ሚሊግራም። ከ12 ሰዓት በኋላ ይደገማል፣ በ24ኛው ሰዓትም እንዲሁ። ደሙን የሰጠው አጎቱ ነው። ሲነጋ ልጁ ተቀምጦ ከአያቱ ጣሳ የበቆሎ ገንፎ ይጠጣ ነበር። በዚያ ሌሊት እኮራለሁ። እጄ የሠለጠነው ባሕር ዳር ነው፤ እዚያም ሠራ። በጎ ፈቃደኝነት የፈረንጅ ነገር የሚመስላችሁ ነርሶች ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

«እንግሊዝኛ ይበቃል» የሚለውን አትመኑ። የመንግሥት ቋንቋ ነው፣ እውነት ነው፤ አያትየዋ ግን የምትናገረው ቺቼዋ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የት ያምሃል፣ ትኩሳቱ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አንቀጥቅጦታል ወይ፣ ሸንቷል ወይ የሚሉትን አጥኑ። «ጓንትና መድኃኒት ሰብስባችሁ ሂዱ» የሚለውንም አልቀበልም። ጉምሩክ ላይ መከራ ነው፣ የሚፈልጉትም ያ ላይሆን ይችላል። ጥሩ የግንባር ባትሪና የጣት ኦክስጅን መለኪያ ያዙ፣ ሌላውን እነሱን ጠይቁ።

እናቴ የፈራችው ወረቀቱን አልነበረም፤ «ሃይማኖትሽን ያስቀይሩሻል» ነበር ስጋቷ። የንስሐ አባቴም ጠይቀውኛል። ጠዋት ሥራ የሚጀመረው በጸሎትና በመዝሙር ነው። በጸጥታ እቆም ነበር፤ ለምን አትዘምሪም ያለኝ የለም። ጾሙም አልከበደኝም፤ ንሲማ የሚሉት ጠንካራ የበቆሎ ገንፎ በባቄላና በጎመን የዘወትር ምግባቸው ነው።

ብዙው ነገር ከእኛ አይርቅም። አስታማሚው ግቢ ውስጥ ያድራል፣ በእንጨት ያበስላል፣ በሽተኛውን ያጥባል። በመድኃኒት ሰዓት የሚቀሰቅሳችሁም እሱ ነው፤ አክብሩት፣ አስተምሩት። ቢልሃርዚያን ጣና ዳር ያደግን ሁሉ እናውቀዋለን፤ የእኛ በአንጀት ነው። ማላዊ ሐይቅ ዳር የሚበዛው የሽንት ፊኛውን የሚይዘው ዓይነት ስለሆነ ልጆች ደም ይሸናሉ። መድኃኒቱ ያው ፕራዚኳንቴል ነው። ሐይቁ ያምራል፣ እናንተ ግን አትዋኙ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለመሄድ አስባ የሥራ ልምዷን አውጥታ አሳየችኝ። ያው ፎርማት ነው። ወሩ ኦክቶበር፣ ዓመቱ የእኛው። ማታ ቁጭ ብለን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍነው፣ በፍላሽ ያዘችው። ሰኞ ዲውቲ ስለማልገባ አብሬያት እሄዳለሁ።