ያለሰለስኩት ጠርዝ

ሳንቃው ወደ ወርክሾፓችን የመጣው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በባጃጅ ጣሪያ ላይ ታስሮ ነው። ሐምሌ ነበር፤ የጅማ ዝናብ ጣሪያውን ይደበድባል፣ ከአዌቱ ወንዝ ወዲህ ያለው መንገድ ሁሉ ጭቃ ነው። ያመጣው ሰው ሦስት ወር ቡና ቅምሻ ሲያስተምር የከረመ አውስትራሊያዊ እንግዳ ነው። ሥራውን ሲጨርስ በደቡብ አፍሪካዋ ደርባን አርፎ ወደ አገሩ ሊመለስ አስቧል። ብርድ ልብሱን ሲገልጠው ሁላችንም የያዝነውን መሣሪያ አስቀመጥን። ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ ከአውራ ጣት የማይበልጥ አንድ ወጥ እንጨት። ፊቱ ክብ ነው፤ ጭራው ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ከፊቱ ጀምሮ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ አንድ ክንድ ያህል ተሰንጥቋል። በጉዞ ላይ ነው የተጎዳው።

«የጠረጴዛ ፊት ነው?» ሲል ተለማማጁ ጠየቀ።

የሒሳብ ሠራተኛችን እንግሊዝኛ ስለምትችል እንግዳውን አነጋገረችውና ወደ እኛ ዞራ፣ «ማዕበል የሚጋልቡበት ነው» አለችን። ሰርፊንግን በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ነገር ግን ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ በምትገኝ፣ ከአዲስ አበባ እንኳ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ ከተማ ውስጥ የማዕበል ሳንቃ በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ይተኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። እንግዳው የተናገረው አጭር ነው፤ ስንጥቁ ይጠገንለት፣ በሳምንቱ ዓርብ መጥቶ ይወስዳል።

ስንጥቁን የጠገንኩት በደስታ ነው፤ ይህን ዛሬም ሳልደብቅ እናገራለሁ። እንጨቱ ፓውሎኒያ ይባላል። እንደ ደረቀ የኮባ ግንድ ቀላል ሆኖ ጭረቱ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ መላጊያ ሲነካው ያለ ድምፅ ይገለበጣል። የስንጥቁን ውስጥ በቀጭን ቢላ አጸዳሁ፤ ውኃ የማይፈታውን ኢፖክሲ ማጣበቂያ እስከ ጥልቁ አስገባሁ፤ በሦስት ሞርሳ ግራና ቀኝ አስሬ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተውኩት። ሲፈታ የስንጥቁ መስመር በጣት አይያዝም ነበር። ሥራዬ እዚያ ላይ አልቆ ነበር።

ነገር ግን የሳንቃው የላይኛው ገጽ ዓይኔን ወጋው። ከመሃሉ እስከ ጭራው ድረስ ግራጫ ነገር ተለጥፎበታል፤ እንደ ሽፍታ የተጎረበጠ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት፣ ሲነኩት ጣት የሚይዝ። ቆሻሻ መሰለኝ። ቆሽሾ የመጣ ዕቃ ቆሽሾ ከእጃችን አይወጣም። በስፓቱላ ፋቅኩት፤ በነጭ ጋዝ አጠብኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ከዚያም ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀባሁት። ቀጥሎ ጠርዙን አየሁ። ከመሃል ወደ ጭራ ሲሄድ የታችኛው ጠርዝ ስለት አለው። በዚህ ሙያ መጀመሪያ የተማርኩት ስለታም ጠርዝ በቤት ዕቃ ላይ አይቀርም የሚል ነው፤ ልጅ ሮጦ ሲመጣ ግንባሩን የሚመታው የጠረጴዛ ጠርዝ ነውና። በሁለቱም ጎን በትንሿ መላጊያ ሰበርኩት፤ በሞረድ አጠጋጋሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ ክፍያም አልጠየቅሁበትም። ተለማማጁ «ጋሼ፣ አዲስ ሆነ!» አለኝ፤ እኔም እንደዚያው ተሰማኝ።

ዓርብ እንግዳው መጣ። የስንጥቁን ቦታ በመዳፉ ዳስሶ ሲያጣው ፊቱ በራ። ወዲያው ሳንቃውን ገለበጠው፤ ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ ከመሃል እስከ ጭራ ነዳው። ደገመው። ከዚያ አጠገቡ ባለው በርጩማ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

«ይህን ማን አለሰለሰው?» ብሎ አስጠየቀኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

የወርክሾፑ ባለቤት አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ከጥግ ሆነው ሲሰሙ ቆዩና «ልጄ፣ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቡና እንዲፈላ አዘዙና እንግዳውን አጠገባቸው አስቀመጡት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሰማሁትንና ያየሁትን ነው ለማካፈል የፈለግሁት።

ሳንቃው አላያ ይባላል። የሃዋይ ሰዎች ማዕበል ላይ መንሸራተትን በቋንቋቸው ሄኤ ናሉ ይሉታል፤ ፈረንጅ ደሴቶቻቸውን ከማወቁ በፊት ከሕፃን እስከ ባለሥልጣን፣ ወንዱም ሴቱም ይጋልብ ነበር። ኦሎ የሚባለው ረጅሙና ወፍራሙ ሳንቃ የባላባቶች ነው፤ የሚሠራውም ዊሊዊሊ ከተባለ ቀላል እንጨት ነው። ቀጭኑ አላያ ግን የብዙው ሕዝብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከኮዋ ዛፍ ይጠረባል። ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ከሥሩ ቀይ ዓሣ ያኖሩለት ነበር ብሎ እንግዳው ሲተርክ አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኦዳ ሥር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። እኔን የያዘኝ ሌላው ነገር ነው፤ አንድ ወጥ መሆኑ። የጅማን በርጩማ ከነሦስት እግሩ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ ሰው፣ መጋጠሚያ የሌለው ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ዛሬ የምናያቸው ሳንቃዎች ከሥራቸው ክንፍ አላቸው፤ ወደ ጎን እንዳይንሸራተቱ ውኃውን የሚይዝላቸው እሱ ነው። ክንፉን ቶም ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። አላያ ከዚያ በፊት የነበረ ስለሆነ ክንፍ የለውም። ጋላቢው የማዕበሉን ገደል አግድም ሲያቋርጥ ሳንቃውን የሚይዘው ያ ስለታም ጠርዝ ብቻ ነው። ጠርዙ ሲጠጋጋ ውኃው ዙሪያውን ተጠምዝዞ ያልፋል፤ ሳንቃው የሚጨብጠው ነገር ያጣና በጭቃ ላይ እንዳለ ባጃጅ ጭራው ይዞራል። እንግዳው ይህን ሲያስረዳኝ መሮዬን አንስቶ አፉን አሳየኝ። ገባኝ። የሰው መሮ ተቀብዬ አፉን አደንዝዤ የመለስኩ ያህል ነው።

ግራጫው ነገር ደግሞ ሰም ነው። እኛ መሳቢያ አልሄድ ሲል ሐዲዱን ሻማ እናሸዋለን፤ ሰም ለእኛ ማንሸራተቻ ነው። እነሱ ግን በሳንቃው ላይኛ ገጽ የሚያሹት ባዶ እግራቸው እንዳይንሸራተት ነው። በትንንሽ ክብ እያዞሩ ሲያሹት ጉብታ ጉብታ ይሠራል፤ ያ ጉብታ እግርን ይይዛል። በፊት ተራውን የሻማ ሰም ይጠቀሙ ነበር። አሁን ለሞቃት ውኃ ጠንከር ያለ፣ ለቀዝቃዛ ውኃ ለስለስ ያለ ለየብቻው ይሸጣል፤ ብዙው ኮኮናት ኮኮናት ይሸታል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የረሱት እንደሆነ ቀልጦ ወንበሩን ያበላሻል፤ በዚህ ያልተጎዳ ጋላቢ እንደማያውቅ ነገረን። ሰሙ ራሱ በየጊዜው ተፍቆ የሚታደስ ስለሆነ መፋቄ አላስከፋውም። ያስደነገጠው ቫርኒሹ ነው፤ ውኃ የነካው ቫርኒሽ ላይ በባዶ እግር መቆም ምን ማለት እንደሆነ ወለል ወልውሎ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

ጥገናው ሁለት ሳምንት ወሰደ፤ እንግዳው ከሥራ ሲወጣ በየምሽቱ እየመጣ አብሮን ሠራ። ቫርኒሹን በመስታወት ስባሪ ፋቅነው፤ እንጨቱ እንዲተነፍስ የተልባ ዘይት አጠጣነው። ጠርዙ ግን ከባድ ነበር። የተወሰደ እንጨት አይመለስም። ያለው መንገድ የታችኛውን ገጽ ከመሃል ወደ ጭራ እያሳሱ መላግና ክቡ ክፍል እስኪጠፋ ድረስ መውረድ ነው፤ ይህ ደግሞ ጭራውን ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ያቀጥነዋል። የታችኛው ገጽ በመሃሉ ለዓይን የማይታይ ስርጉድነት ስላለው እሱንም አብሬ ማውረድ ነበረብኝ። መላጊያውን አሥር ጊዜ እየሳልኩ፣ ወረቀት የሚያህል ልጣጭ እያነሳሁ ሄድኩ። እሱ በየመሃሉ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ይለካል። ቀጭን ጭራ ትንሽ እንደሚተጣጠፍና መተጣጠፉም እንደሚወደድ ሲነግረኝ ማጽናኛ መሰለኝ፤ በኋላ ግን እውነት መሆኑን በሳንቃው ላይ ቆሜ በጉልበቴ አየሁት።

በእነዚያ ምሽቶች ወርክሾፑ ባሕር ዳርቻ ሆነ። ሰጋቱራ ከምረን ሳንቃውን በላዩ ላይ አስተኛን። በሆድ ተኝቶ በክንድ መቅዘፍን፣ ማዕበሉ ጭራውን ሲያነሳው በአንድ ትንፋሽ ተስፈንጥሮ መቆምን አሳየን። ማን በየትኛው እግሩ እንደሚቀድም ለማወቅ ደግሞ ሰውየውን ሳያስበው ከኋላው ገፋ ያደርጉታል፤ ላለመውደቅ የዘረጋው እግር የፊት እግሩ ነው። ግራ ቀዳሚ የሆነው ሬጉላር፣ ቀኝ ቀዳሚ የሆነው ጉፊ ይባላል። ተለማማጁ ጉፊ ሆነ፤ የሒሳብ ሠራተኛችንም እንዲሁ። አውራ ጣትና ትንሿን ጣት ዘርግቶ ሌሎቹን ማጠፍ፣ ሻካ የሚባለው የሃዋይ ሰላምታ፣ በሁለተኛው ቀን በሩን የሚከፍተው ዘበኛችን ድረስ ደረሰ።

ከሁሉም ልቤን የነካው ስለ መጠበቅ የነገረን ነው። ጋላቢ ውኃ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው እየቀዘፈና ሳንቃው ላይ ተቀምጦ አድማሱን እያየ ነው፤ ግልቢያው ራሱ ብዙ ጊዜ ሰከንዶች ብቻ ነው። የሚጠብቁት ማዕበል በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከተነሳ አውሎ ነፋስ ተወልዶ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በቡድን በቡድን ይደርሳል፣ ከዚያ ባሕሩ ያርፋል። ሳይነጋ የሚወጡትም በምክንያት ነው። ሌሊት የብስ ከባሕር ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ጎህ ሲቀድ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍስና የማዕበሉን ፊት አስተካክሎ ያቆመዋል፤ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ነፋሱ ይዞርና ውኃው ይበጣጠሳል። ተራም አላቸው። ማዕበሉ መሰበር ለሚጀምርበት ቦታ የቀረበው ሰው ባለመብት ነው፤ በፊቱ ገብቶ የሚነሳበት ሰው ነውረኛ ነው። ወፍጮ ቤት ተራ የጠበቀ የጅማ ሰው ይህን ሕግ ሳይነግሩት ያከብረዋል።

አንድ ምሽት፣ ሥራዬ እንዳሳፈረኝ ስላወቀ ይመስለኛል፣ ስለ ዱክ ካሃናሞኩ አወራኝ። እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ዋና ወርቅ ያጠለቀው የሃዋይ ሰው ነው። በ1914 መጨረሻ ለዋና ትርኢት ሲድኒ ሲሄድ ሳንቃ አልያዘም ነበርና እዚያው ያገኘውን የፓይን እንጨት ልጎ ሳንቃ ሠራ፤ ፍሬሽዋተር በተባለው የባሕር ዳርቻም በሕዝብ ፊት ጋለበበት። ሳንቃው እስከ ዛሬ እዚያው ተጠብቆ ይኖራል። «በደረሰበት አገር ባገኘው እንጨት ነው የሠራው» አለኝ እንግዳው፣ እጁን በእኛ የዋንዛ ሳንቃዎች ላይ አሳርፎ። ከዋንዛ አላያ እንሥራ ተባባልን፤ ዋንዛው ከፓውሎኒያ ስለሚከብድ ውፍረቱን እንዴት እንደምንቀንስ በእርሳስ ነድፈን ሳንጨርሰው የመሄጃው ቀን ደረሰ። ንድፉ አሁንም ግድግዳዬ ላይ ነው።

በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ከሂርማታ በኩል የተሰነጠቀ የቡና ሙቀጫ ይዘው መጡ። አፉ በአንድ በኩል ተበልቶ ዝቅ ብሏል። እጄ ወደ ሞረዱ ሄዶ ነበር፤ መለስኩትና «እማማ፣ ቡናውን የሚገለብጡት በየት በኩል ነው?» ስል ጠየቅኋቸው። ሙቀጫውን አንስተው አዘንብለው አሳዩኝ። የተበላው ቦታ ላይ ነበር። ስንጥቁን ብቻ ሠርቼ ሰጠኋቸው።

እንግዳው የስንጥቁን ዋጋ ካልከፈልኩ አልሄድም አለ፤ አባባ ተቀበሉት። የጠርዙን ሥራ ግን ማናችንም አላነሳነውም። ሳንቃውን በብርድ ልብስ፣ በላዩ በላስቲክ፣ በላዩ በካርቶን ጠቅልለን ሸኘነው።

ከወር በኋላ በሒሳብ ሠራተኛችን ስልክ ላይ ቪዲዮ መጣ። ደርባን ነው፤ ገና ነግቷል፤ ውኃው ግራጫ፣ የማዕበሉ ፊት እንደተላገ ሰሌዳ ልሙጥ። ሳንቃው ሲነሳ ሁሉም ሰውየውን ያያሉ። እኔ ያየሁት ጭራውን ነው። ግራ ጠርዙ ውኃው ውስጥ ገብቶ ከኋላው አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ጥሎ ይሄዳል። አልዞረም። ያዘ።

ተለማማጁ «ጋሼ፣ እንደገና» አለኝ። እንደገና አየነው።