ልጄን በቪዲዮ በመቅረጼ የደረሰብን

ልጄ 7 ዓመቷ ሳለ መምህሯ «እንደ እርሷ ያለ ጨዋ ተማሪ የለኝም» ይሉኝ ነበር። ይህችው ጨዋ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ተመልሳ የቤታችንን ደፍ እንደተሻገረች ጫማዋን ወርውራ፣ ጣቶቿ ላይ ያረፈውን የካልሲ ስፌት እሾህ እንደሚነቅል ሰው እየጎተተች ለአንድ ሰዓት ያህል ታለቅሳለች። ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማታል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን አያማትም።

ኦቲዝም፣ ማለትም ከሰው ጋር መግባባትንና ድምፅን ወይም ንክኪን መቀበልን የሚነካ የአእምሮ እድገት ልዩነት፣ ይኖርባት እንደሆነ ላስመረምራት ወሰንኩ። ቀጠሮ መያዙም ሆነ ቅጽ መሙላቱ አላስቸገረኝም። ጣጣው የመጣው የእኔና የመምህሯ መጠይቆች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው፤ እኔ «ሁልጊዜ» ያልኩበትን ሁሉ መምህሯ «በፍጹም» ብለውታል። የመረመሯት ባለሙያም ልጅቷ እኔ ዘንድ ብቻ የምታስቸግር ከሆነ ጥፋቱ የአያያዜ መላላት ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ 5ኛ እትም እንኳ የኦቲዝም ምልክቶች ሰው በተለማመደው ዘዴ ሊሸፈኑ እንደሚችሉ ይገልጻል፤ እኔን ግን ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትገታ ውላ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ የለም። «ቪዲዮ ቀርጸሽ አምጪ» ብቻ ተባልኩ።

ቀረጽኩ። ስልኬን መደርደሪያው ላይ ከመጻሕፍቱ መካከል ደብቄ ነበር፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ቀና ስትል አየችው። ለቅሶዋ ቀጥ አለ። ካልሲዋን መልሳ አጠለቀች፣ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና በዚያ በትምህርት ቤት ድምጿ «እማዬ፣ ለመምህሬ ልታሳዪ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ለአምስት ሳምንታት ቤትም ውስጥ ጨዋ ሆነች፤ እንቅልፍ ግን አጣች፣ ጥፍሯንም እስኪደማ ድረስ ትነክስ ጀመር። የልቧን የምታወጣበትን አንድ ቦታ በገዛ እጄ ዘጋሁባት። ባለሙያው ደግሞ ቪዲዮውን ሁለት ደቂቃ እንኳ አላዩትም!

ስለዚህ ቅረጹ ብትባሉ እሺ አትበሉ፤ ደብተር ያዙ። ለቅሶው በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ፣ ምን ያህል እንደቆየና በምን እንደበረደ በየቀኑ ጻፉ። የእኔ ደብተር በአንድ ወር ውስጥ የሚከብዷት ቀናት የመዝሙርና የስፖርት ክፍለ ጊዜ ያለባቸው መሆናቸውን አሳየኝ። ያንን ይዤ የሄድኩባት ሌላ ባለሙያ መምህሯን የጠየቀቻቸው ስለ ጠባይዋ ሳይሆን ምሳዋን ትበላ እንደሆነና መጸዳጃ ቤት ትሄድ እንደሆነ ነበር። መምህሯ ተከታትለው ሲያዩ ለካ ልጄ ጠዋት ገብታ ማታ እስክትወጣ አንዴም መጸዳጃ ቤት አትሄድም፤ የውኃው ድምፅ ያስፈራታል።

አሁን ካልሲዋን ገልብጣ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጋ ታጠልቃለች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ለግማሽ ሰዓት ምንም አልጠይቃትም፤ ስልኬንም አስቀድሜ ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። እንዲያም ሆኖ በሩን ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው መደርደሪያውን ነው።