«ኮልፔቮሌ» ያልሁ ዕለት

ሮም በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ሥራ አርፍጄ ገባሁና «ጥፋተኛ ነኝ» ለማለት አስቤ «ሶኖ ኮልፔቮሌ» ብል፣ የሥራ ባልደረባዬ «ማንን ገደልሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቃሉ በሰዋስው ረገድ አያስቸግርም፤ እንደ አማርኛው «ጥፋተኛ» ለወንድም ለሴትም አንድ ሲሆን፣ ለብዙ ቁጥር ብቻ «ኮልፔቮሊ» ይሆናል፤ የወንጀሉ ስምም «ዲ» በሚል መስተዋድድ ተያይዞ ይከተለዋል። የሚያስቸግረው ፍርድ ቤት ፍርድ ቤት መሽተቱ ነው። የኢጣሊያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27፣ ተከሳሽ የመጨረሻ ፍርድ እስኪሰጥበት ድረስ ጥፋተኛ ተደርጎ እንደማይቆጠር የሚደነግገው በዚሁ ቃል ነው። ለማርፈድ የሚበቃው «ኤ ኮልፓ ሚያ»፣ ማለትም «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለው ነበር፤ ጸጸት ለተሰማው ሰው ደግሞ «ሚ ሴንቶ ኢን ኮልፓ» አለለት (እኛ «ኅሊናዬ ወቀሰኝ» የምንለው ይበልጥብኛል)።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሳተኝ ግን የቅርብ ዘመዱ «ኮልፖሶ» ነው። ጋዜጣ ላይ «ኦሚቺዲዮ ኮልፖሶ» የሚል ሳነብ፣ ጥፋቱ ከስሙ ስለሚጀምር ከባዱ ግድያ እርሱ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በቸልተኝነት የደረሰው ኖሯል፣ ሆን ተብሎ የሚፈጸመውስ «ዶሎሶ» ይባላል።