ሪፖርቱን የጻፈው ማን ነው?

የምክር ቤት ስብሰባ ተከታትላችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። የሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ኃላፊው ይነሳል፣ ሪፖርት ያነባል። ዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ ተፈጽሟል፣ ይህን ያህል ሕፃናት ድጋፍ አግኝተዋል፣ ይህን ያህል ወጣቶች ሥልጠና ወስደዋል። አባላት ሁለት ሦስት ጥያቄ ያነሳሉ። ኃላፊው «የተሰጠንን አስተያየት በግብዓትነት እንወስዳለን» ብሎ ያመሰግናል። ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይታለፋል።

እኔ ይህን ቁጥጥር ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል። ምክንያቴ አንድ ነው፦ ሪፖርቱን የጻፈው ቁጥጥር የሚደረግበት አካል ራሱ ነው። ምክር ቤቱ ከዚያ ወረቀት ውጭ ሌላ የመረጃ ምንጭ ከሌለው የሚያውቀው መሥሪያ ቤቱ እንዲያውቅ የፈለገውን ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ኃላፊው ክፉ ሰው መሆን የለበትም። ቅን ሰው ሆኖም ከታች የመጣለትን ማጠቃለያ አምኖ ሊያቀርብ ይችላል፤ ከታች ያለውም ከእሱ በታች ያለውን አምኖ ነው የጻፈው። በየደረጃው መጥፎው ነገር ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ ይሄድና አዳራሽ ሲደርስ «አንዳንድ ክፍተቶች ቢኖሩም» የምትል አንዲት ሐረግ ብቻ ትቀራለች።

በሌላ አገልግሎት ላይ ይህ ችግር በመጠኑ ራሱን ያርማል። ውሃ ሲጠፋ ሕዝቡ ይጮኻል። መንገድ ሲበላሽ ሹፌሩም ነጋዴውም ተመራጩን ስልክ እየደወሉ ያስጨንቁታል። ሕፃን ልጅ ግን አይመርጥም። አቤቱታ አይጽፍም። ማሳደጊያ ውስጥ የሚደበደብ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የትኛው ቢሮ ሄዶ ይናገራል? ቤተሰቡ ራሱ የችግሩ ምንጭ ከሆነስ ማን ይናገርለታል? ወላጆቹን ያጣ፣ አካል ጉዳት ያለበት፣ ከቤት የወጣ፣ በአእምሮ ጤና ችግር የሚሠቃይ ልጅ ሁሉ አገልግሎቱን በጣም የሚፈልገው እሱ ነው፤ ስለ አገልግሎቱ የመናገር ዕድሉ በጣም ጠባብ የሆነውም እሱ ነው። ስለዚህ የሕፃናት አገልግሎት ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ጩኸት እስኪሰማ የሚጠብቅ ከሆነ ከመጀመሪያው ከሽፏል ማለት ነው።

ይህ የእኔ የግል ስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 ላይ ሕፃናትን የሚንከባከቡ ተቋማት ደረጃቸውን የጠበቁ እንዲሆኑ ያዝዛል። ደኅንነትን፣ ጤናን፣ የሠራተኞችን ቁጥርና ብቃት ይጠቅስና ብቃት ያለው ቁጥጥርንም አብሮ ያስቀምጣል። አንቀጽ 25 ደግሞ መንግሥት ከቤተሰቡ አውጥቶ ሌላ ቦታ ያስቀመጠው ልጅ ሁኔታው በየጊዜው እንዲመረመር መብት እንዳለው ይናገራል። ልብ በሉ፣ መብቱ የልጁ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲመቸው የሚያደርገው ነገር አይደለም።

አሁን ወረቀት ብቻ የሚያይ ምክር ቤት ምን ሊያደርስ እንደሚችል እንይ። በደንብ የተመረመረውና ዝርዝሩ በአደባባይ የወጣው የእንግሊዟ የሮዘራም ጉዳይ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በነሐሴ 2014 ፕሮፌሰር አሌክሲስ ጄይ ያወጡት የምርመራ ሪፖርት ከ1997 እስከ 2013 ድረስ በዚያች ከተማ ወደ 1,400 የሚሆኑ ልጆች ለወሲብ ብዝበዛ እንደተዳረጉ ገመተ። ይህም ዝቅተኛው ግምት ነው ብለዋል። ከተጠቁት ልጆች ከሦስት አንድ የሚበልጡት ቀድሞውኑ በሕፃናት ጥበቃ አገልግሎቱ የሚታወቁ ነበሩ። ፋይል ነበራቸው ማለት ነው። ስማቸው መሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነበር።

እኔን በጣም የሚያስቆጣኝ ግን የሚቀጥለው ነው። ችግሩን በግልጽ የሚያሳዩ ሦስት ሪፖርቶች በ2002፣ በ2003 እና በ2006 ተጽፈው ነበር። የመጀመሪያው ከፍተኛ ኃላፊዎች መረጃውን ስላላመኑት ታፈነ፤ ሁለቱ ደግሞ ሰሚ አጡ። በ2004 እና 2005 ለምክር ቤት አባላቱ ራሳቸው ስለ ጉዳዩ ገለጻ ተደርጎላቸዋል። ስለዚህ አላወቅንም ማለት አይችሉም። በ2015 መጀመሪያ መንግሥት የመደባቸው መርማሪ ሉዊዝ ኬሲ የምክር ቤቱን አሠራር መርምረው ሲጨርሱ ያገኙት ነገር ደግሞ የሚያስተምር ነው፦ አወቃቀሩና ሥርዓቱ ላይ ላዩን ሲታይ በቂ ይመስላል፣ ኮሚቴው አለ፣ ስብሰባው አለ፤ ጥያቄ ማንሳትና መፈተሽ ግን የማይወደድበት ቤት ነበር። በዚያ ሰሞን የምክር ቤቱ አስፈጻሚዎች በሙሉ ሥልጣን ለቀቁ፣ መንግሥትም ኮሚሽነሮች ልኮ ሥራውን ተረከበ። ለልጆቹ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ነበር።

ሌላም አለ። በሰሜን ዌልስ የክሉዊድ ምክር ቤት በሚያስተዳድራቸው የሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ ስለተፈጸመ ጥቃት ራሱ አጣሪ ቡድን አቋቁሞ ነበር። ሪፖርቱ በ1996 ተጠናቀቀ። ከዚያ የምክር ቤቱ ኢንሹራንስ ኩባንያ ይህ ከታተመ የካሣ ጥያቄ ይጎርፋል የሚል ስጋት አነሳ፣ የሕግ ፍርሃትም ተጨመረበትና ሪፖርቱ ሳይወጣ ቀረ። ሕዝብ ያየው ብዙ ቦታ ላይ ስምና ዝርዝር ተሰርዞበት በ2013 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት! ምክር ቤቱ ልጆቹን በኃላፊነት የሚያሳድግ አካል ነው፤ ልክ እንደ ወላጅ። የትኛው ወላጅ ነው ልጁ ተጎድቶ ሳለ መጀመሪያ ኢንሹራንሱን የሚያማክረው?

የቪክቶሪያ ክሊምቢዬ ጉዳይም አለ። ከአይቮሪ ኮስት የመጣች የስምንት ዓመት ልጅ፣ በየካቲት 2000 ለንደን ውስጥ በአሳዳጊዎቿ እጅ ተሠቃይታ ሞተች። ሰውነቷ ላይ 128 ጉዳት ተቆጥሯል። አሟሟቷን ያጣራው የሎርድ ላሚንግ ኮሚሽን በ2003 ባወጣው ሪፖርት ሶሻል ወርከሮች (የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች)፣ ፖሊሶች፣ የቤቶች ቢሮዎችና ሆስፒታሎች ሊያድኗት የሚችሉበትን ዕድል ደጋግመው እንዳሳለፉት አሳየ። ጉዳዩን ለወራት የያዘችው ሶሻል ወርከር ልጅቷን ያየቻት አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁሉም ሲደመር ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። በመሥሪያ ቤቱ የሥራ ዘገባ ላይ እነዚያ አራት ጉብኝቶች «ክትትል ተደርጓል» ተብለው ሊመዘገቡ ይችሉ ነበር። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ልጅቷን ግን ማንም በቅጡ አላነጋገራትም።

ከዚያ ምርመራ በኋላ በእንግሊዝ የ2004ቱ የሕፃናት ሕግ አንድ ጠቃሚ ነገር አመጣ። እያንዳንዱ የሚመለከተው ምክር ቤት ለሕፃናት አገልግሎት አንድ ዳይሬክተር እና አንድ የተመረጠ የምክር ቤት አባል በስም መሰየም አለበት። ሲሳካም ሲበላሽም የሚጠየቀው ሰው ይታወቃል። ሮዘራም ይህ ሕግ ከወጣ በኋላም እንደቀጠለ አልረሳሁም። ስም መሰየም ብቻውን አይበቃም። ግን «የሚመለከታቸው አካላት በቅንጅት ይሠራሉ» ከሚለው ማንንም የማይነካ ዓረፍተ ነገር በጣም ይሻላል።

እሺ፣ ወረቀቱ ካልበቃ ምን ይጠየቅ? እኔ የቋሚ ኮሚቴ አባል ብሆን የድጋፍ ቁጥሮቹን ወደ ጎን ብዬ መጀመሪያ ስለ ሠራተኞቹ እጠይቅ ነበር። አንድ ሶሻል ወርከር ስንት ልጆች ይዟል? ባለፈው ዓመት ስንቱ ለቀቀ? ክፍት ቦታው ስንት ወር ተቀመጠ? ሠራተኛ የሚለቅበት መሥሪያ ቤት ልጁ ታሪኩን በየጊዜው ለአዲስ ሰው ከሀ እንዲጀምር የሚገደድበት ቦታ ነው፤ በአራተኛው ላይ ዝም ይላል። ቀጥሎ ስለ ጊዜ እጠይቅ ነበር። አንድ ልጅ አደጋ ላይ ነው ተብሎ ጥቆማ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ አንድ ሰው ልጁን በዓይኑ እስኪያየው ስንት ቀን ይፈጃል? አማካዩን አይደለም የምፈልገው፣ በጣም የዘገየውን ነው። አማካይ ብዙ ነገር ይደብቃል። በአደራ ቤተሰብ ወይም በማሳደጊያ ያሉ ልጆች በዓመት ስንት ጊዜ ቦታ ተቀየሩ? ወንድምና እህት የተለያዩት ስንቶቹ ናቸው? አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷቸው የወጡት ዛሬ የት ናቸው፣ የሚያድሩበት አላቸው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ቦታ የሚመልስ ሰው አይገኝም፤ አለመገኘቱ ራሱ መልስ ነው።

ቅሬታም አለ። «በዚህ ሩብ ዓመት ከሕፃናት የቀረበ ቅሬታ የለም» የሚል ሪፖርት ሲሰማ አዳራሹ ውስጥ ጭብጨባ ሳይሆን ድንጋጤ ነው መኖር ያለበት። ብዙ ልጆች ባሉበት ተቋም ውስጥ ምንም ቅሬታ ከሌለ ወይ የሚያቀርቡበት መንገድ የለም፣ ወይ ማቅረብ ያስፈራቸዋል።

ከአዳራሽ መውጣትም ግድ ነው። የመስክ ምልከታ ብዙ ጊዜ ቀኑ ቀድሞ ተነግሮ፣ ግቢው ተጠርጎ፣ ልጆቹ ታጥበው መዝሙር ይዘው የሚጠብቁበት ነው። ያ ጉብኝት ነው፣ ምልከታ አይደለም። ሳይነገር መሄድ፣ በምሽት ፈረቃ መሄድ፣ ወጥ ቤቱንና መኝታውን ማየት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኃላፊው በሌለበት ከልጆቹና ከታችኛው ሠራተኛ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ሞግዚቶቹና ጥበቃዎቹ ኃላፊው የማያውቀውን ያውቃሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። የምክር ቤት አባል መርማሪ ፖሊስ አይደለም። ልጁን የደረሰበትን ጉዳት ዘርዝር ብሎ ማስጨነቅ የለበትም፣ የልጁን ስምና ታሪክም ስብሰባ ላይ ማውጣት አይችልም። «እዚህ ስትከፋ ለማን ትናገራለህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ልጁ የሚናገርለት ሰው ስም ከጠራ ጥሩ። ትከሻውን ነቅንቆ ዝም ካለ ግን ኮሚቴው ሥራ አገኘ። ከባድ ነገር ከተናገረም አባሉ ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ መቀመጥ አይችልም፣ በዚያው ቀን ለሕፃናት ጥበቃ አካል ማሳወቅ አለበት፤ ይህንንም ለልጁ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ወጣቶቹን ስብሰባ ላይ መጥራት ደግሞ በብዙ ቦታ ተለምዷል፣ ግን እንዴት? አንዲት ጎበዝ ተማሪ ትጠራለች፣ የተጻፈላትን ታነባለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ አበቃ። ፊንላንድ በ2015 ባወጣችው የማዘጋጃ ቤቶች ሕግ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት የወጣቶች ምክር ቤት ወይም ተመሳሳይ መድረክ እንዲኖረው አስገድዳለች። ኖርዌይም በ2018ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕጓ ተመሳሳይ ግዴታ ጥላለች። ግዴታ መሆኑ ይመቸኛል፣ ምክንያቱም በኃላፊው በጎ ፈቃድ የቆመ መድረክ የመጀመሪያውን የማይመች ጥያቄ ያነሳ ቀን ይፈርሳል። ለእኔ መለኪያው ግን ወጣቶቹ መናገራቸው ብቻ አይደለም። ከተናገሩ በኋላ ምክር ቤቱ «ይህን ተቀብለናል፣ ያንን አልተቀበልንም፣ ምክንያታችን ይህ ነው» ብሎ በጽሑፍ ይመልስላቸዋል ወይ? ካልመለሰላቸው በሚቀጥለው ጊዜ አይመጡም፣ ባይመጡም አልፈርድባቸውም።

በጀት ላይም አንድ ነገር ልበል። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የወጣት ማዕከሉና ቤተሰብን ቀድሞ የሚደግፈው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ቢቆረጥ ነገ የሚሞት ሰው የለም፣ ሕጉም ብዙ ጊዜ አያስገድድም። በእንግሊዝ ከ2010 በኋላ የሆነው ይኸው ነው፦ በየቦታው የወጣት ማዕከላት ተዘጉ፣ ቀድሞ ለመከላከል የሚወጣው ገንዘብ አሽቆለቆለ፣ ከቤተሰባቸው ለወጡ ልጆች የሚወጣው ደግሞ እያደገ ሄደ። ስለዚህ ኮሚቴው በጀት ሲያጸድቅ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይይ። ከእያንዳንዱ ብር ስንቱ ችግር ሳይደርስ፣ ስንቱ ከደረሰ በኋላ እንደሚወጣ ለይታችሁ አምጡ ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ክትትል ነው፣ ብዙው ነገር የሚሞተውም እዚሁ ላይ ነው። ኮሚቴው ጥሩ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ በስድስተኛው ወር ማንም አያስታውሰውም። አባላቱ ይቀየራሉ፣ ኃላፊው ይዛወራል፣ ልጆቹ ያድጋሉ። በዚህ ላይ ሰብሳቢውና ተጠያቂው ኃላፊ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ከሆኑ መጠየቁ ራሱ እንደ ክህደት ሊታይ ይችላል። የፓርቲውን ጉዳይ ትቼ ስለ አሠራሩ የምለው አለኝ። እያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ ከፊቱ የአንድ ሰው ስምና ቀን ይኑረው። የቀጣዩ ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ አዲስ ሪፖርት ሳይሆን ያ ዝርዝር ይሁን። ያልተፈጸመውን ለምን እንዳልተፈጸመ ኃላፊው ቆሞ ይናገር፣ መልሱም ለሕዝብ በሚለጠፍ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። አዲሱ ሪፖርት የሚነበበው ከዚያ በኋላ ነው።